ከግራ ቅንድቤ በላይ የገባው ጎሚስታ

ጎሚስታው ሽብሩ ከግራ ቅንድቤ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ የገባው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ነበርን። ሰዓቱንም ጥልቀቱንም እጄ ላይ ካሰርኩት መሣሪያ ስላነበብኩ በዚህ ጉዳይ ማንም እንዲከራከረኝ አልፈልግም።

ስሜ ምንተስኖት ነው፤ ጠላቂ ነኝ። ሰው ሐይቅ ውስጥ ሲሰምጥ ይጠሩኛል፣ የአየር ሲሊንደር አዝዬ እወርዳለሁ፣ ሬሳውን ይዤ እወጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያወጣኋቸው ሰዎች ሥርዓት ያላቸው ነበሩ፤ በያዝኳቸው በኩል ይመጣሉ፣ ባስቀመጥኳቸው ቦታ ይቀመጣሉ። እንደ ሽብሩ ያለ ባለጌ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሽብሩ የሰመጠው ሚስቱን ስንዱን ሲያባርር ነው። ቢሾፍቱ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ነው የሆነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ መዝናኛ የከፈቱት ሰዎች ይቀየሙኛል። ስንዱ ከጎሚስታው ቤት በባዶ እግሯ ሮጣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ወጣች። እሱ ጎማ ማላቀቂያውን ብረት እንደያዘ ከነልብሱ ገባና ዋኘ። ብረቱን ቢለቀው ኖሮ ይደርስባት ነበር። አልለቀቀም፤ ጀልባዋ ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ወረደ። ይኼን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

እናቱ እማማ ደብሪቱ ሬሳ ሳላይ ልቅሶ አልቀመጥም አሉ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን እንትከል ቢሏቸው እምቢ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እህል በአፋቸው አልዞረም። እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። አፍንጫዬ ድፍን ብሏል።

ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠልቅም። ለጀማሪዎች መጀመሪያ የማስተምረው ይኼንን ነው። ሰው ጭንቅላቱ ድፍን ይመስለዋል እንጂ ከቅንድቡ በላይና ከጉንጩ ሥር አየር የሚያድርባቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ ሐኪሞች ሳይነስ ይሏቸዋል። በራቸው ወደ አፍንጫ ነው። ጤነኛ ጠላቂ ሲወርድ አፍንጫውን ቆንጥጦ ቀስ ብሎ ይነፋል፤ አየር ወደ ክፍሎቹ ይገባና ከውሃው ጉልበት ጋር ይስተካከላል። ጉንፋን ካለ በሩ ያብጣል። ያኔ ውሃው ከውጭ ይጫናል፣ ውስጡ ይራባል፣ የተራበ ክፍል ደግሞ የቀረበውን ነገር ይስባል። ይኼን ሁሉ እያወቅሁ የአፍንጫ ጠብታ ጨምሬ ወረድኩ። ገመዴን የሚይዝልኝ ቱሉ ተው ብሎኝ ነበር። የሴትዮዋን ፊት አላየህም አልኩት።

ጠብታው አሥራ አንድ ደቂቃ ሠራ። ሽብሩን ከታች አንድ ቋጥኝ ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት፤ ብረቱን እንደጨበጠ ነው። ቀበቶውን ያዝኩ። በዚሁ ቅጽበት ጠብታው አለቀ፣ ከግንባሬ ውስጥ በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ከዚያም መሳብ ተጀመረ። ሽብሩ በግራ አፍንጫዬ በኩል ከእግሩ ጀምሮ ገባ። ትከሻው ትንሽ አስቸገረ። ሲጨርስ እጄ ላይ የቀረው ሱሪና ቀበቶ፣ አንድ ሸሚዝና ብረቱ ብቻ ነበር።

ውሃ ውስጥ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየር ያብጣል። በአሥራ አምስት ሜትር ላይ ተገላበጠ። በአሥር ሜትር ላይ ተንበረከከ። በአምስት ሜትር ላይ መምታት ጀመረ፤ የውሃ መነጽሬ በደም ተሞላ። ዳር ስደርስ እማማ ደብሪቱ ልብሱን አይተው፣ "ልጄስ?" አሉኝ።

"እዚህ ነው" አልኩና ግንባሬን አሳየኋቸው።

መዳፋቸውን ቅንድቤ ላይ አስቀመጡ። ሽብሩ ከውስጥ ሦስት ጊዜ መታ። ሴትዮዋ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "እሱ ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ" አሉ።

የጆሮና የአፍንጫ ሐኪሟ ወጣት ነች፤ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። ራጅ አስነሣችኝና ፊልሙን መብራት ላይ ለጠፈችው። ጤነኛ ሳይነስ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፣ የእኔ ግን ነጭ ነው፤ ነጩ መሐል ጉልበቱን ያቀፈ ጥቁር ሰው ተቀምጧል። በእርሳሷ ጫፍ ዙሪያውን አሳየችኝ። አጥንቱ እንደ ቅል ስስ ነው አለች፤ እስከ እሑድ ቢታገሥ ነው። በፊት በኩል ሰብሮ ከወጣ ዓይኔን ይዞ ይሄዳል፣ በኋላ በኩል ከሄደ አእምሮዬን። ይናገራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይናገርም፣ ይማታል አልኳት። ካርዴ ላይ "ይማታል" ብላ ጻፈችና ስድስት ሳምንት እንዳልጠልቅ አዘዘችኝ።

ቤቴ ስደርስ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ዳኛ ረጋ ብለው አስረዱኝ፤ ሬሳው እስካልተገኘ ድረስ ሴትዮዋ እምቢ ብለው ነበር፣ አሁን ግን ያለበት ስለታወቀ ደንቡ የሚለው ድንኳኑ እዚያው እንዲተከል ነው። አከራዬንም አስፈቅደዋል። ፍራሹም አግዳሚ ወንበሩም ገብቷል። እኔን መሐል ላይ አስቀመጡኝና ለቀስተኛ ይጎርፍ ጀመር። እየገቡ ለእናትየው እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላሉ፣ ከዚያ በግራዬ በኩል ዞረው ቅንድቤን እያዩ ያለቅሳሉ። አንድ ባልደረባው ጎንበስ ብሎ ክሪኬን የት አኖርከው ብሎ ጠየቀው። ሽብሩ በቡጢ መለሰለት፤ የላይኛው የግራ ጥርሴ ወለቀ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆኝ ጥርሴን አንሥቶ ሰጠኝ።

እማማ ደብሪቱ ልጃቸው በሰላም እንዲወጣ አፍንጫዬን ለመክፈት ቆርጠው ተነሡ። ባሕር ዛፍ አፍልተው በጋቢ ሸፍነው አጠኑኝ። ዳማከሴ ጨምቀው አንጠባጠቡብኝ። ፌጦ በሎሚ አጠጡኝ። በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ ፍንትው ብሎ ተከፈተ፣ ግራው ወይ ፍንክች። "ትንሽ ነው የቀረው ልጄ" ይሉኛል ጀርባዬን እያሹ። ክፉ ሴት አይደሉም። ልጃቸውን መቅበር ነው የሚፈልጉት፤ እንደ ሰው ልጅ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ መቃብር ኖሮት። የእድሩ ዳኛም ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካደረ አራተኛ ቀኑ እንደሆነና ክፍት ጉድጓድ ደግ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ዓይናቸው ከትከሻዬ እስከ ራሴ ጫፍ ድረስ ይለካ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ቁርሴን እየበላሁ ሳለ ያለ ምንም ምክንያት ዓይኔን ከኋላ መታኝ። አፍንጫህን ላስ አልኩትና ጫማዬን አውልቄ ግንባሬን በሶሉ ጠፈጠፍኩት። መለሰልኝ። ከግድግዳ ጋር አጋጨሁት። እሱም ከውስጥ ተረከዙን አጥንቴ ላይ ተክሎ ገፋኝ፤ ብርጭቆውም ሰሐኑም ተሰበረ፣ ሸሚዜ ደም ለበሰ። ቱሉ ሰምቶ ሮጦ ገባና እንደማንኛውም ገላጋይ ከኋላ ሁለት እጄን ጥርቅም አድርጎ ያዘኝ። ሽብሩ በዚያ መሐል አራት ጊዜ መታኝ።

"ቱሉ" አልኩት፣ "እኔን ይዘህ በእሱ ታስመታኛለህ?"

"ታዲያ የእሱን እጅ በየት ልያዝ?" አለኝ። እውነቱን ነው። አፈርኩና ወለሉን ጠረግን።

ስንዱ የመጣችው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለቀስተኛው ሳሳ ብሎ እማማ ደብሪቱም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ጥቁር ነጠላዋን አፏ ድረስ ጠቅልላ በቀኜ በኩል ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም ገና አፏን ስትከፍት ሽብሩ ሰማት። ጎማ ሲያላቅቅ እንደሚቀጠቅጠው፣ እኩል እኩል፣ ሳያቋርጥ መቀጥቀጥ ጀመረ። የድንኳኑን እንጨት ይዤ ነው ያዳመጥኳት።

"ጋሼ፣ እማማ እንዲወጣ ይለምንዎታል። እኔ እንዳይወጣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።"

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የለም። ይኼ ጥርሱ ነው አለች። የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች አሳየችኝ፤ አይታጠፉም። ይኼ ብረቱ ነው አለች። ከዚያ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለች።

"ስምንት ሌሊት ተኝቻለሁ" አለችኝ። "በሩን ሳልቆልፍ።"

ወተት ይዛልኝ መጥታለች፣ ቀዝቃዛ። ወተት ንፍጥ ያወፍራል ይባላል አለች። እናቲቱ የሚከፍቱትን ይች ልትዘጋ ነው። ወተቱን ጠጣሁላት። እኔ ለሬሳ ነው እንጂ ለሕያዋን ማዘን አልለመድኩም። ግን ሐኪሟ ያለችውንም አልደበቅኋት። ቢዘጋም ባይዘጋም እሑድ ላይ አጥንቱን ይሰብራል፣ እኔ እሞታለሁ፣ እሱም በራሱ መንገድ ይወጣል አልኳት። የወተቱን ዕቃ ተቀበለችኝና ከደነችው። ቅጥቀጣው ብቻ ይሰማል።

"እንግዲያው ሬሳ ሆኖ ይውጣ" አለች።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ታች ወርጄ አወጣዋለሁ። ጥልቀት ላይ አየር ይኮማተራል፤ ትንሽ ይሆናል፣ ጉልበቱም እንደዚያው። በሃያ ሁለት ሜትር ላይ አስወጥቼ በገመድ አስረዋለሁ፣ ውሃው ይጨርሰዋል፣ ቱሉ ይጎትተዋል። እናት ሬሳቸውን ያገኛሉ፣ ስንዱ እንቅልፏን፣ እኔም ግንባሬን። "የምታይው ሬሳውን ነው፤ ቃሌ ነው" አልኳት። ሰው ቃል ሲሰጥ የሚያውቀውን ነገር ብቻ ቢሰጥ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ተገኘን። የእድሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘዋል። እማማ ደብሪቱ አዲስ አቡጀዲ በሁለት ክንዳቸው ዘርግተው ውሃው ጫፍ ቆሙ። ስንዱ ከኋላ፣ ብቻዋን። በእኛ ሐይቅ ከዳር ሠላሳ እርምጃ ከሄድክ ገደል ነው፤ ጀልባ አያስፈልግም።

እግሬን ወደ ታች አድርጌ ገመዱን በክንድ በክንድ እየለካሁ ወረድኩ። አፍንጫዬን ቆንጥጬ እነፋለሁ፣ መንጋጋዬን አላውሳለሁ፣ ምራቄን እውጣለሁ። ሲብስብኝ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመልሼ እንደገና እሞክራለሁ። ጉንፋን ይዞት የግድ መውረድ ያለበት ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የግድ ካልሆነ ግን ቤቱ ይተኛ። በስድስት ሜትር ላይ ጉንጬ ውስጥ አንድ ነገር ተቀደደ። በአሥር ሜትር ላይ ሽብሩ መቀጥቀጡን ተወ። በአሥራ ስምንት ሜትር ላይ ባቄላ አክሎ ሲንከባለል ተሰማኝ። ሃያ ሁለት ላይ ቋጥኙን ረገጥኩ፣ መነጽሬን አወለቅኩ፣ የቀኝ አፍንጫዬን በጣቴ ደፈንኩና ባለኝ ኃይል ሁሉ በግራው ነፋሁ።

መጀመሪያ ደም ወጣ። ከዚያ ወፍራም ነገር። ከዚያ ሽብሩ ወጣ።

ሥጋ አልነበረም፤ አየር ነው። የሰው ቅርጽ ያለው አንድ ሙሉ የአየር አረፋ፤ ክንድ አለው፣ ፊት አለው፣ በውሃው ውስጥ ብር ሆኖ ያበራል። ገመዱን አንገቱ ላይ ጠመጠምኩ፤ ገመዱ በመሐሉ አለፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሬሳ በማሰር ነው፣ አየር አስሬ አላውቅም። መታኝ። ጎማ ውስጥ የታሰረ አየር ምን ያህል እንደሚጠነክር ጎማ ፈንድቶበት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ሁለተኛ ጥርሴን አወለቀ፣ የጎድን አጥንቴን ሰበረ፣ የምተነፍስበትን የአየር ቱቦ ከአፌ ነጠቀው። በሁለት እጄ አንገቱን አነቅሁት፤ በጣቶቼ መሐል ሾልኮ ከላይም ከታችም ወጣ። ቢላዬን መዝዤ ሆዱን ወጋሁት፤ ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለቱም መቱኝ፣ ከዚያ ተመልሰው ገጠሙ። ያን ቀን ልገድለው እንደፈለግሁ እዚህ ላይ እናገራለሁ። ሬሳ እንዲሆን ሳይሆን እንዲሞት ነበር የፈለግሁት።

ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ብርሃኑ አየ። ተወኝ። ወደ ላይ ሄደ፤ በሄደ ቁጥር እየሰፋ፣ ክንዱ እየረዘመ፣ ትከሻው እየገዘፈ።

ቱቦውን ፈልጌ አፌ ከተትኩና ተከተልኩት። ደሜ ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ እንዲወጣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። ስወጣ ራሴ ቀለለኝ፤ ግንባሬ ውስጥ ዝምታ ነው፣ በሁለቱም አፍንጫዬ ተነፈስኩ፣ የሐይቁን ሽታ አሸተትኩ። አየር ከውሃ ከወጣ በኋላ አይታይም። የሚታየው ውሃው ላይ የሚጎደጉደው የእግር ምልክት ብቻ ነበር፤ አንድ፣ ሌላ፣ አንድ፣ ሌላ፣ ወደ ዳር እየቀረበ። ጮህኩ። ቱሉ ገመዱን ጥሎ ቆመ። የእድሩ ሰዎች ቃሬዛውን አስቀምጠው ወደኋላ አፈገፈጉ።

እማማ ደብሪቱ አልተንቀሳቀሱም። አቡጀዲውን ይበልጥ ዘረጉት።

እርምጃው ከውሃው ወጥቶ አሸዋው ላይ ገባ። እርጥብ ነው፣ ባዶ እግር ነው፣ ከሰው እግር ሦስት እጥፍ ይሆናል። እናቱ ፊት ሲደርስ ለአፍታ ቆመ። "ና ልጄ፣ ና በቃ፣ እረፍ" አሉት እንጂ አልተቆጡትም። ጨርቁ በንፋስ እንደተገፋ ወደ ጎን ተገፋ። አሻራው በእናቱ ጎን አልፎ አካሄዱን አፈጠነ።

ስንዱ አልሮጠችም። የምትሮጥበት ሐይቅ ከዚያ ሌላ አልነበራትም። ጎንበስ ብላ የጡብ ግማሽ የሚያህል ድንጋይ አነሣችና በማይታጠፉት ጣቶቿ ደረቷ ላይ ያዘችው። እኔ ከውሃው በአራት እግሬ እየወጣሁ ነበር፤ የሰጠኋት ቃል አፌ ውስጥ እንደ ደሜ ጨው ጨው ይለኛል። አሻራዎቹ ፊት ለፊቷ አንድ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ቆሙ። ተረከዙ ወደ አሸዋው ጠለቀ፤ ሰው ክንዱን ሲያነሣ እንደዚያ ነው የሚረግጠው። የስንዱ ነጠላ ከራሷ ላይ ተገፎ ወደቀ።

እማማ ደብሪቱ ዞረው አዩ። የሚገርመው ነገር አልጮሁም፣ ደረታቸውንም አልመቱም። አቡጀዲውን አራት ቦታ አጠፉት፤ ቀስ ብለው፣ ጫፉን ከጫፉ ጋር እያገጠሙ። ቃሬዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ድንጋይ አነሡ።

መጀመሪያ የተወረወረው የእሳቸው ድንጋይ ነው። ከስንዱ ራስ ከፍ ብሎ፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ አንድ ነገር መታ። ድምፁን ሁላችንም ሰምተናል። ድንጋዩ ግን አልወደቀም፤ ሽብሩ በቆመበት አየር ላይ ተሰክቶ ቀረ።